በለሆሳስ የተነገረ ምስክርነት፤ ስለ ብሩክሊኑ ገጣሚ ስለ ካ

ወላጆች የማይወዱት ድምፅ ከቤታቸው ሲሰማ አስቀድመው የሚያደርጉት ነገር ድምፁን ዝም ማሰኘት ነው። ቃሉ ምን እንደሚል መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በተለይም «ራፕ» የሚባለው የአሜሪካ ጥቁሮች የንግግር ዜማ በኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች ዘንድ ስሙ የከፋ ነው፤ ስድብን፥ ትዕቢትን፥ ዝሙትንና ፍቅረ ንዋይን የሚያስተምር ተደርጎ ይቈጠራል። ይህ ክስ በብዙው ላይ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከእንክርዳዱ መካከል ስንዴ በቅሎ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ሁለቱን አብሮ መንቀል የጌታችን ትምህርት እንዳልሆነ እናስታውሳለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ለብዙ ጊዜ በአድናቆት ያደመጥነውን አንድ ገጣሚ ለአንባብያን ልናስተዋውቅ ወደናል።

የዚህ ሰው ስም ካሲም ራያን ነው፤ በሥራው የታወቀበት ስም ግን በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ካ» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ነው። በ1972 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፥ በብሩክሊን ክፍል፥ ብራውንስቪል በሚባለው ሰፈር ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ራፕ ራሱ በዚያው ከተማ በብሮንክስ ክፍል በ1973 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ ስለሚነገር፥ ገጣሚውና ጥበቡ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ብራውንስቪል ድህነት ሥር የሰደደበት ሰፈር ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ «ክራክ» የተባለው የኮኬይን ዓይነት ወደ አሜሪካ ከተሞች በገባ ጊዜ፥ እንዲህ ባሉት ሰፈሮች ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙ ወጣት በጥይት ወደቀ፤ ብዙ ሌላም ወደ ወኅኒ ወረደ። ካ ያደገው በዚያ ዘመንና በዚያ ቦታ ነው፤ ኋላ የጻፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት ወጣት ሳለ «ናቹራል ኤለመንትስ» በሚባል ቡድን ውስጥ ገብቶ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን አልቀናውም፤ ከዜማውም ርቆ ቈየ። እንጀራውንም ያገኘው በኒው ዮርክ የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነው። በዚያም ከሃያ ዓመት ያላነሰ አገልግሎ እስከ ካፒቴንነት ማዕርግ ደረሰ። መስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሁለቱ ታላላቅ ሕንጻዎች በተመቱ ጊዜ ወደ አደጋው ከደረሱት ሠራተኞች አንዱ እርሱ ነበረ። በዚያ ቀን የመሥሪያ ቤቱ 343 ሰዎች እንደ ሞቱ የታወቀ ነው። እንግዲህ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት የሚጽፈው ይህ ሰው ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘው አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ወደ ግጥሙ የተመለሰው ብዙዎች ወጣትነት አለፈን ብለው ተስፋ በሚቈርጡበት ዕድሜ ነው። በ2008 ዓ.ም. «አይረን ዎርክስ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ራሱ አሳትሞ አወጣ። በዚያው ዓመት ዝነኛው ራፐር ጂዛ «ፕሮ ቱልስ» በተባለው አልበሙ ላይ ካን ሲያሰማ፥ ጥቂት ጆሮዎች ወደ እርሱ ዘወር አሉ። ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. «ግሪፍ ፔዲግሪ»፥ ማለትም «የሐዘን የዘር ሐረግ» የሚለውን፥ በ2013 ዓ.ም. «ዘ ናይትስ ጋምቢት»ን፥ በ2016 ዓ.ም. «ኦነር ኪልድ ዘ ሳሙራይ»ን እያስከተለ አቀረበ። ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎችን ደጅ አልጠናም። ሸክላውን ራሱ ያሳትም፥ ራሱ ይጠቀልል፥ ራሱ በፖስታ ይልክ ነበር። አዲስ ሥራ በሚያወጣበት ቀን በማንሃተን መንገድ ማዕዘን ላይ ቆሞ ለአድማጮቹ በገዛ እጁ የሚሸጥበት ጊዜም ነበር። የእሳት አደጋ ካፒቴን፥ በየሀገሩ አድናቂ ያለው ገጣሚ፥ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ቆሞ ገዢውን እያመሰገነ ሲሸጥ ማየት ለትሕትና ከሚሰጥ ስብከት የማያንስ ትምህርት ይመስለናል።

የካ ሥራ ከሌሎች ተለይቶ የሚታወቀው በመጀመሪያ በድምፁ ነው። ራፕ የሚባለው ጥበብ ከበሮ የሚያስተጋባበትና ተናጋሪው የሚጮኽበት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የእርሱን ዘፈን ሲሰማ ይደነቃል። ከበሮው ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ የለም፤ ካለም ከሩቅ እንደሚሰማ የእግር ኮቴ ነው። ከአሮጌ ሸክላ የተቀነጨበ የመሣሪያ ወይም የመዘምራን ድምፅ እየተመላለሰ ሲሰማ፥ ካ ከበላዩ በለሆሳስ ይናገራል። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጸልየው ጸሎት እንዳለ ምእመናን ያውቃሉ። ማሕሌትንና ቅዳሴን ከገበያ ዘፈን ጋር እኩል ለማድረግ እንዳልፈለግን ግልጽ ይሁን፤ ይህ ነውር ነው። ለማለት የፈለግነው ይህን ብቻ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው አድማጩን ወደ እርሱ እንዲጠጋ ያስገድደዋል። ካም ጆሮውን ላልሰጠው ሰው አንዳች ነገር አይሰጥም።

ሁለተኛው ልዩነቱ የቃሉ አሠራር ነው። ይህንንም ቅኔ ያለው ሕዝብ ከማንም አብልጦ ሊረዳው የሚገባ ይመስለናል። የቅኔ መምህራን «ኅብር» የሚሉት አካሄድ አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ፥ ሰሙም ወርቁም በዚያው በአንዱ ቃል ውስጥ አብሮ ሲያድር ማለት ነው። ካ በእንግሊዝኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ከአቀናባሪው ከአኒሞስ ጋር ሆኖ ያወጣው አልበም «ኦርፊየስ ቨርሰስ ዘ ሳይረንስ» ይባላል። በግሪኮች ተረት «ሳይረን» የሚባሉት መርከበኞችን በዘፈናቸው እየሳቡ ወደ ጥፋት የሚያደርሱ ፍጡራን ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን የእሳት አደጋ መኪና ጩኸትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ይህን ስም የሰጠው ሰው በቀን ሥራው ያን ጩኸት ሲሰማ ወደ እሳት የሚሮጥ መሆኑን ስናስታውስ፥ የርእሱ ወርቅ ምን ያህል ክብደት እንዳለው እናያለን። እንዲሁም በመጨረሻው አልበሙ ውስጥ የአንዱ ዘፈን ርእስ ሲጻፍ «መዝሙርና እኔ» ማለት ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን «እርሱና እኔ» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት በድምፅ አይለዩምና። አምላክን ፈልጎ ከመዝሙሩ ጋር ብቻ የቀረ ሰው ኀዘን፥ ወይም በመዝሙሩ በኩል ወደ እርሱ የደረሰ ሰው ደስታ፥ ሁለቱም በሦስት ቃላት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ቃልን ከቦታው ነቅሎ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ካ በራሱ ላይ ደርሶበት አይቷል። በ2016 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ከግጥሞቹ መካከል ጥቂት ስንኞችን መርጦ፥ ይህ የእሳት አደጋ ካፒቴን የፖሊሶች ጠላት ነው ሲል በፊት ገጹ አወጣው። የሰፈሩን ሕይወት፥ የወጣቶቹን ፍርሃትና ቍጣ እንደ ምስክር መናገሩ እንደ ወንጀል ተቈጠረበት። ገጣሚው ግን መጻፉንም፥ ወደ እሳቱ መሄዱንም አልተወም። ልጆቻችን የሚያደምጡትን ነገር በአንድ ቃል ብቻ ከመፍረዳችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባናል።

አሁን ወደ ሥራዎቹ ልብ እንግባ። በ2020 ዓ.ም. ያወጣው አልበም «የቃየን ዘሮች» ይባላል። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የመጀመሪያውን ግድያ ወስዶ በብራውንስቪል መንገዶች ላይ ያኖረዋል። ወንድም ወንድሙን የሚገድልበት ሜዳ የትም ሩቅ አይደለም፤ እርሱ ባደገበት ደጃፍ ነው። የዘፈኖቹ ርእሶች እንኳ ታሪኩን ተከትለው ይሄዳሉ፤ አንዱ ቃየን የተሰደደባትን የኖድን ምድር ይጠራል፤ ሌላው ቃየን ለእግዚአብሔር የመለሰውን የድፍረት መልስ ወስዶ፥ የወንድም ጠባቂ መሆን ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሌላውም ስለ አባቶች ኃጢአት ይናገራል። ስለ ቅዱሳን ጠባቂዎች በሚናገር ርእስ ሥር ደግሞ፥ በዚያ ሰፈር ላደገ ልጅ አርአያ ሆነው የታዩት መርዝ ሻጮቹ እንደ ነበሩ ያለ ሽፋን ይመሰክራል። ይህን የሚለው ሊያመሰግናቸው አይደለም፤ ሌላ አርአያ ያላገኘ ልጅ የት እንደሚያይ ሊነግረን ነው። ይህ ቃል ለአሜሪካ ሰፈር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ አባት በቤቱ ያልሆነውን ነገር ልጅ ከመንገድ ያመጣዋልና።

ከእነዚህ ርእሶች አንዱ «የሄኖክ ብቸኝነት» የሚል ነው። መጽሐፈ ሄኖክን በቀኖናዋ ይዛ፥ ሙሉውንም በግዕዝ ጠብቃ ለዓለም ላቈየች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ሄኖክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የቃየን ልጅ ነው፤ አባቱ ከተማ ሠርቶ በስሙ ጠራለት። ሁለተኛው ከሴት ወገን የያሬድ ልጅ ነው፤ አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አድርጎ ሞትን ሳያይ ተወሰደ። እንግዲህ ይህን ርእስ ስናነብ ሁለቱ ሄኖኮች በአንድ ስም ሥር ሲገናኙ ይታየናል፤ ቃየን በሠራት ከተማ ተወልዶ ከእግዚአብሔር ጋር ለመሄድ የሚናፍቅ ሰው ምንኛ ብቸኛ ነው! ይህ የእኛ አተረጓጐም ነው፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ትርጓሜ ቦታ የሚሰጥ ግጥም ከተራ ዘፈን ልዩ መሆኑ አይካድም።

ያ አልበም የሚያበቃው በምስጋና ነው። በመጨረሻው ዘፈን ገጣሚው ፍቅሩን ለሦስት ሰዎች ይሰጣል፤ ለሚስቱ፥ ለእናቱና ለወዳጁ። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ደምና ዐመድ፥ ረኃብና ጸጸት ነበረ። ያ ሁሉ ያላጠፋው ሰው በምን እንደ ተረፈ ለሚጠይቅ፥ መልሱ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በዚህ ጥበብ ውስጥ ሴትን ማዋረድ ልማድ ሆኗል ብለው ለሚያዝኑ እናቶቻችን፥ አንድ የአምሳ ዓመት ጐልማሳ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሰው ሚስቱንና እናቱን በእንዲህ ያለ ክብር ሲጠራ መስማት ማጽናኛ ይሆናቸዋል።

የመጨረሻ ሥራው በነሐሴ ወር 2024 ዓ.ም. የወጣው «ከኢየሱስ አጠገብ ያለው ወንበዴ» የሚለው አልበም ነው። ርእሱን ስንሰማ ልባችን ወዲያውኑ ወደ ዓርብ ስቅለት ይሄዳል። ፈያታዊ ዘየማንን፥ በአበው ትውፊት ጥጦስ የሚባለውን፥ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም። ዕድሜውን በዝርፊያ ጨርሶ በመጨረሻዋ ሰዓት ጌታውን ዐወቀ፤ ሐዋርያት በሸሹበት ጊዜ መሰከረ፤ ከሁሉ ቀድሞም ገነት ገባ። በሰሞነ ሕማማት በስግደት ደክመን ሳለን የምንማጸነው እርሱ የለመነውን ልመና ይዘን ነው። ካ ለራሱና ለሰፈሩ ልጆች የመረጠው ቦታ ይህ ነው። ከጻድቃን ተርታ አልቆመም፤ ከዙፋን ቀኝም አልተቀመጠም፤ ከወንበዴው መስቀል ጐን ሆኖ ይናገራል። የዘፈኖቹም ርእሶች ኅብስትና ወይንን፥ የተፈተነ ምስክርነትን፥ የሚሸከሙትን መስቀል፥ በቀላሉ የሚሰበር እምነትን ይጠራሉ። አንዱ ርእስማ በምህላ ጊዜ የምንደጋግመው «እግዚኦ መሐረነ» ነው።

ነገር ግን ይህ አልበም ለስላሳ የምስጋና መዝሙር አይደለም። የጥቁር አሜሪካውያንን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ድምፅ ከሥር እያሰማ፥ ከላዩ ከባድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በባርነት የገዛን ሰው የሰጠን እምነት ለእኛ ምን አደረገልን? ይላል። ይህን ጥያቄ ክህደት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ታሪኩን ግን ማወቅ ይገባል። በ1807 ዓ.ም. በለንደን፥ በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ለነበሩት ባሮች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። በዚያ መጽሐፍ እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ ተቈርጦ ወጥቷል፤ ባሪያው ነጻነትን ከእግዚአብሔር ቃል እንዳያነብ ተብሎ ነው። ቃለ እግዚአብሔር እንዲህ ተቈርጦ የተሰጠው ሕዝብ የልጅ ልጅ ቢጠይቅ፥ የሚያፍረው ጠያቂው ሳይሆን ቈራጩ ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ አንባቢ፥ እኛ እምነታችንን ከባሪያ ፈንጋይ አልተቀበልንም፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከትና በንጉሥ ኢዛና ዘመን አገኘነው፤ ስለዚህ ጥያቄው እኛን አይነካም ይል ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ይህን ዐውቀው በሀገራችን ስም ተጽናንተዋል፤ በኒው ዮርክ በ1808 ዓ.ም. የተመሠረተው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ ዛሬ «አቢሲኒያን» ተብሎ ይጠራል። ሁለተኛው ክፍል ግን እውነት አይደለም። ባርነት በሀገራችንም ነበረ፤ ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ባሮች አያያዝና ነጻ ስለ ማውጣት የሚናገር አንቀጽ ይዟል፤ ነገሩ በዐዋጅ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጌታውና ባሪያው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሳለሙ ነበር። የባሮቹ የልጅ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ። እንግዲህ የብሩክሊኑ ሰው ጥያቄ በእኛም ደጅ ቆሞ ያንኳኳል፤ የምንመልሰውም በታሪካችን ጥንታዊነት ሳይሆን በንስሐና በፍቅር ነው።

ካ በጥያቄው ሁሉ መልስ አግኝቷል አንልም፤ የነፍሱን ምሥጢር የሚያውቅ ፈጣሪው ብቻ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ሁሉ ክህደት እንዳልሆነ መጻሕፍት ያስተምሩናል። ኢዮብ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ጠየቀ፤ ነቢዩ ዕንባቆም ግፍ በዝቶ ሳለ ስለ ምን ዝም ትላለህ እያለ ተሟገተ፤ ሐዋርያው ቶማስ ቍስሉን ካልዳሰስሁ አለ። እነዚህ ሁሉ የተናገሩት ወደ እርሱ ፊታቸውን አቅንተው ነበርና አልተጣሉም። የሚያስፈራው ፊትን አዙሮ በዝምታ መሄድ ነው። ካ በመጨረሻ ሥራው የተቈጣውን ተቈጥቶ፥ የጠየቀውን ጠይቆ፥ ከመስቀሉ አጠገብ ግን አልራቀም።

ይህን የምንጽፈው በቤታችን ስላሉት ልጆች ስናስብ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት መልስ ራፕ የሚያደምጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄም አላቸው፤ ስለ ዘር፥ ስለ ግፍ፥ ስለ አገልጋዮች አካሄድ፥ እግዚአብሔር ስለ ምን ዝም እንደሚል። ጥያቄአቸውን በቤት ማንሣት ያልቻሉ እንደ ሆነ፥ ጥያቄውን ይዘው ከቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ይወጣሉ። ስለዚህ አባትና እናት እንዲህ ቢያደርጉ እንመክራለን። ልጁ የሚያደምጠውን አብረውት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያድምጡ፤ ቃሉን እንዲተረጕምላቸው ይጠይቁት፤ ከዚያም ስለ ቃየን የሰማውን ከኦሪት፥ ስለ ወንበዴው የሰማውን ከወንጌለ ሉቃስ አብረው ያንብቡ። የማይመልሱትን ጥያቄ ወደ ንስሐ አባታቸው ይውሰዱት። የካ ዘፈኖች ግን ለሕፃናት የተዘጋጁ አይደሉም፤ የመንገዱን ነገር ሲናገር ለትንሽ ጆሮ የማይስማማ ቃልና የደም ወሬ አለበት። ለደረሱ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የሚሆን ነው፤ ይህንንም ለይቶ መስጠት የቤተ ሰቡ ኀላፊነት ነው።

ካሲም ራያን ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ማለት በፈረንጆቹ ጥቅምት 12 ቀን 2024 ዓ.ም.፥ ሳይታሰብ በድንገት ዐረፈ። ዕድሜው 52 ዓመት ነበረ፤ ስለ ወንበዴው የሠራው አልበም ከወጣ ገና ሁለት ወር ያህል ነበር። የመጨረሻ ቃሉ እንዲሆን አስቦ እንዳልሠራው ግልጽ ነው፤ የመጨረሻ ቃሉ ግን እርሱ ሆነ። የትኛው ቃላችን የመጨረሻው እንደሚሆን ማናችንም አናውቅምና፥ ዛሬ በልጃችን ላይ የምንናገረውንም፥ ለጥያቄው የምንሰጠውንም መልስ እየመረጥን እንናገር። ወንበዴውን በመስቀል ላይ ሳለ የሰማ አምላክ የዚህን ሰው ነፍስ በምሕረቱ ያስባት።